መሰንቆው ይናገር ወይስ ይሰቀል?



በዚህች ጋዜጣ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥና ስለ መኝታ ቤቱ ውኃ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምከራከረው ስለ አንዲት የፈረስ ጭራ ክር ነው። ነገሩ ቀላል የሚመስለው ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ባለፈው ዓመት አሰላ ከተማ በተደረገ አንድ በዓል ላይ መሰንቆ ይዤ ቆሜ ነበር። ሁለተኛውን ዘፈን እንደ ጨረስሁ አንድ ሽማግሌ ከታዳሚው መካከል ብድግ ብለው «ተቀበል ልጄ!» አሉኝ። ላይ ላዩን ስለ ዝናብ፣ ውስጡን ግን ስለ ማዳበሪያ ዋጋ የሚናገር ሁለት ስንኝም ሰጡኝ። ሕዝቡ ወርቁን ወዲያው አግኝቶ ሳቀ። እኔ ግን አፌ ተሳሰረ፤ ጣቴም የለመደውን ዜማ ብቻ ይደጋግም ጀመር። ግጥሞቼ ሁሉ ከሳምንት በፊት በወረቀት ተጽፈው፣ ታይተውና ጸድቀው ስለ ነበር ከእነሱ ውጭ አንድ ቃል አልነበረኝም። ሽማግሌው አዝነው ተቀመጡ። መሰንቆ መያዝ እንጂ መጫወት አለመማሬን ያን ቀን ዐወቅሁ።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነውን? አይደለም! በየባህል ቡድኑ የሚያስጠኑን ሦስት ዘፈን ነው፤ የክብር እንግዳው እስኪያጨበጭብ ድረስ። «በቅጽበት መፍጠር ተሰጥዎ ነው፤ አይጠናም» ይሉናል። ታዲያ የቅኔ ቤት ተማሪ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ የሚያቀርበው ምን ተምሮ ነው? ቅኔ ዘረፋ ሕግና ልምምድ ያለው ሙያ ነው። የአዝማሪም ልጅ ከአባቱ ጎን አዝማች እየተቀበለ ያድጋል እንጂ ዐዋቂ ሆኖ አይወለድም።

መንገዱም ምሥጢር አይደለም። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ ቅኝቱ አምስት ድምፅ ነው። እጅ በአምስቱ መመላለስን ሲለምድ ጆሮና ምላስ ነጻ ይወጣሉ። ግጥም ሰጪው ሲናገር መሰንቆው ዝቅ ይላል፤ ተጫዋቹ ሰምቶ በዜማ ይደግመዋል፤ ሕዝቡ አዝማቹን ሲቀበል እሱ የራሱን መልስ ያስባል። አስቀድሞ የሚፈልገው ቤት የሚመታውን የመጨረሻ ቃል ነው፤ እሱ ከተገኘ የቀረው ወደ ቃሉ መድረሻ መንገድ ብቻ ነው። በየሳምንቱ የሠራው ሰው ይለምደዋል።

«አዝማሪነት ኋላ ቀርነት ነው» የሚሉም አሉ። ቃሉ ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ መሆኑን ረስተን ስድብ አደረግነው። መሰንቆ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከፒያኖ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ይሰጣል። ሥልጣኔን ከአውሮፓ ለሚመዝኑም፣ ታላቁ ባህ ራሱ በኦርጋን ፊት ተቀምጦ ያልተጻፈ ዜማ በመፍጠር የታወቀ ነበር። በገዛ አገራችንም ጌረርሳ የሚያወጣ የኦሮሞ ጀግና ቃሉን በወረቀት አያስጸድቅም።

እውነቱን እንነጋገር፤ የሚፈራው ኋላ ቀርነቱ ሳይሆን አስቀድሞ ሊታይ አለመቻሉ ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ የግራዚያኒ መንግሥት አዝማሪዎችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን አሳድዶ ያስገደለው መሣሪያ ስለ ታጠቁ አልነበረም። ገና ያልተነገረውን ቃል ስለ ፈራ ነው። እኛ በሰላም አገር፣ በገዛ እጃችን፣ ያንኑ አንደበት በወረቀት እንዘጋለን?

ስለዚህ የማኅበሩ መሪዎች ሆይ፣ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በሳምንት አንድ ምሽት ስጡን። የክብር እንግዳ አይጠራ፤ የጸደቀ ግጥምም አይጠየቅ። የመጣ ሁሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ስንኝ ይስጥ፤ መምህራኖቻችንም ይስጡ፤ ብንነካቸውም ይታገሡን። መጀመሪያ እንንተባተባለን፤ ቤቱም ይሰበርብናል። ይሁን!

ይህ የማይፈቀድ ከሆነ ግን መሰንቆውን ለጌጥ በግድግዳ ስቀሉት፤ ክሩን ለፈረሱ መልሱለት። ለእሱ ቢያንስ ዝንብ ያባርርበታል።