የጭቃ ቤትና የግንባታ ፈቃድ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከተሞች የሚታይ አለመጣጣም

ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የወረዳ አስተዳደር መቀመጫ ሆነው የቆዩ ከተሞች ናቸው። በአራቱም ሆነ በዙሪያቸው በሚያድጉት አነስተኛ የገበያ ከተሞች፣ ዐቅሙ ውስን የሆነ ቤተሰብ የሚሠራው ቤት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ለዚህ ቤት የሚወጣው ገንዘብ የብዙ ዓመት ጥሪት ነው፤ በመተማና በሑመራ የቀን ሥራ የተገኘ፣ ከከብት ሽያጭ የተረፈ ወይም ከዕቁብ የወጣ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ያለ ፈቃድ ተሠርቶ ሲፈርስ ቤተሰቡ የሚያጣው ይህንኑ ጥሪት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የግንባታ ፈቃድ አያስፈልግም የሚል አይደለም። በተዳፋት ላይ ለተመሠረተና ነፋስ ለሚበረታበት አካባቢ ፈቃድና ቁጥጥር ከማንም በላይ ያስፈልጋል። ችግሩ የፈቃዱ ሥርዓት ለጭቃ ቤት የሚያቀርበው ጥያቄ፣ መልስ የሚሰጥበትም ጊዜ፣ ከቤቱ ባሕርይ ጋር የማይገናኝ መሆኑ ነው።

ሕጉና የተወው ክፍተት

የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ማንኛውም ሰው ከሕንፃ ሹም ፈቃድ ሳያገኝ ግንባታ እንዳይጀምር ይደነግጋል። ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ይከፍላል፤ በተሸካሚ ቋሚዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ዝቅተኛ ሕንፃ በምድብ ‹ሀ› ሲመደብ፣ የሕዝብ መገልገያዎች፣ ፋብሪካዎችና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው ሕንፃዎች በምድብ ‹ሐ› ይጠቃለላሉ። የጋይንት ወይም የእስቴ የጭቃ ቤት ከመጀመሪያው ምድብ አይወጣም።

ከዚህ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የአዋጁ ተፈጻሚነት ወሰን ነው። አዋጁ በቀጥታ የሚመለከተው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያላቸውን ከተሞች ሲሆን፣ ከዚያ በታች ባሉት ላይ ተፈጻሚ መሆን አለመሆኑን የመወሰን ሥልጣን ለክልሎች ሰጥቷል። ሕግ አውጪው ትልቁንና ትንሹን ከተማ በአንድ ሚዛን መመዘን እንደማይገባ አስቀድሞ ተገንዝቧል ማለት ነው። ለትንንሾቹ ከተሞች የሚመጥን ሥርዓት ማበጀት እንግዲህ ሕጉ ራሱ የከፈተው በር እንጂ ሕግን መጣስ አይሆንም።

ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ማመልከቻ

ፈቃድ ጠያቂው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን መመለስ ይጠበቅበታል። የመጀመሪያው ‹መሬቱ የማን ነው?› የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ‹ቤቱ ለነዋሪውና ለጎረቤቱ ደኅና ነው?› የሚለው ነው። በአሠራር የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይውጠዋል፤ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ያላቀረበ ሰው ስለ ቤቱ ደኅንነት የሚጠይቀው አያገኝም።

በአነስተኛ ከተሞች ደግሞ የይዞታ ጥያቄ በቀላሉ አይመለስም። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 በፊት ጀምሮ በቤተሰብ የተያዘ ነገር ግን ካርታ ያልተሠራለት ቦታ ይኖራል። በከተማው ዳር የሚገኘው መሬት የገጠር መሬት ደብተር ያለው የአርሶ አደር ይዞታ ሆኖ ሳለ፣ የከተማው ፕላን ሲሰፋ በክልሉ ውስጥ ይወድቃል። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመሬት ሽያጭን ስለሚከለክል፣ በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ውል ቦታ የገዛ ሰው በየትኛውም መስኮት ቢቀርብ ሕጋዊ ማስረጃ ማግኘት አይችልም። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ያለ ፈቃድ የተያዙ ቦታዎች ከፕላን ጋር የማይጋጩ ሆነው ሲገኙ ሥርዓት የሚይዙበትን መንገድ ቢያስቀምጥም፣ እንዲህ ያለ ዕድል አንድ ጊዜ ሲሰጥ ብዙዎች ቀጣዩን እየጠበቁ አስቀድመው እንዲሠሩ ያበረታታል።

ውጤቱ በአገሪቱ ሁሉ ‹የጨረቃ ቤት› በመባል የሚታወቀው ግንባታ ነው። በአንድ ሌሊት የሚቆም ቤት መሠረቱ ጥልቀት አይኖረውም። እንጨቱ ሳይደርቅና ሳይላጥ ይተከላል፤ ከምስጥ ለመከላከል የቋሚውን እግር የተቃጠለ ዘይት ለመቀባትም ጊዜ አይገኝም። ፈቃድ የተፈለገው ለደኅንነት ሆኖ ሳለ፣ የፈቃዱ መዘግየት ራሱ ደኅንነት የጎደለውን ቤት ይወልዳል።

የቢሮውና የግንበኛው የዘመን አቆጣጠር

ሁለተኛው አለመጣጣም የጊዜ ነው። የጭቃ ቤት እንደ ሲሚንቶ ቤት በፈለጉት ወር አይሠራም። ጭድ የሚገኘው እህል ከተወቃ በኋላ ነው፤ ከብቶች ሳይጨርሱት ወይም ዋጋው ሳይንር መቦካት አለበት። የሰው ጉልበት በደቦ የሚሰበሰበው ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሁለተኛው የሚለሰነው፣ ክዳኑም የሚጠናቀቀው የሰኔ ዝናብ ሳይገባ ነው። ስለዚህ የጭቃ ቤት ሠሪ ያለው ጊዜ ከጥር እስከ ግንቦት ያሉት ወራት ናቸው። በመጋቢት የተጠየቀ ፈቃድ በሰኔ ቢሰጥ ለወረቀቱ ሦስት ወር ነው፤ ለቤተሰቡ ግን አንድ ሙሉ ዓመት የኪራይ ኑሮ ነው።

የሚነሳው ተቃውሞ

አሠራሩን ማቅለል የመሬት ወረራን ያስፋፋል የሚለው ሥጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለመንገድ የተተወ መስመር ላይ ወይም በጎርፍ መውረጃ ላይ የሚሠራ ቤት ነገ የሁሉንም ዋጋ ያስከፍላል። ይሁን እንጂ ለዚህ መልሱ ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ነው። የደኅንነት ፈቃድ የይዞታ ማስረጃ እንደማይሆን በግልጽ ተጽፎበት ሊሰጥ ይችላል። ቦታው ለመንገድ፣ ለጎርፍ ወይም ለእርሻ የተከለለ ከሆነ ደግሞ ‹አይቻልም› የሚለው መልስ መሠረት ሳይቆፈር በፊት መድረስ አለበት። ፈጣን ክልከላም አገልግሎት ነው፤ ጥሪት ሳይባክን ያድናልና።

ትንሹን ግንባታ ከትልቁ መለየት በሌሎች አገሮችም የተለመደ ነው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ግንባታን በጠቅላላ በፈቃድ ሥር ቢያደርግም፣ አነስተኛ የመኖሪያ ቤት ማስፋፊያዎች የተወሰነውን መጠንና ርቀት እስካከበሩ ድረስ አስቀድሞ እንደተፈቀዱ ይቆጠራሉ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ክልሉ አነስተኛ ከተሞችን በሚመለከት ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ ለጭቃ ቤት ብቻ የሚያገለግል አጭር የፈቃድ መመሪያ ሊያወጣ ይገባል። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ላላቸው ቤቶች የተዘጋጁ መደበኛ ንድፎች በየማዘጋጃ ቤቱ በነጻ ቢሰጡ፣ ቤተሰቡ ለንድፍ ገንዘብ አያወጣም።

ሁለተኛ፣ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ከቤቱ ጉዳት የሚመነጩ ይሁኑ፦ ቤቱ ከመንገድና ከጎርፍ መውረጃ ምን ያህል ይርቃል? የድንጋይ መሠረቱ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይላል? የጣሪያው ውኃ ወዴት ይወርዳል? ቆርቆሮው ነፋስ እንዳይነቅለው ከግድግዳው ጋር እንዴት ታስሯል? እሳት ቢነሳ ከጎረቤት ቤት የሚለየው ክፍተት ምን ያህል ነው? እነዚህን አንድ ባለሙያ በአንድ ጉብኝት ሊመልሳቸው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ማመልከቻ በጥቅምትና በኅዳር ተቀብሎ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ መልስ የሚሰጥ የጊዜ ሰሌዳ ይዘርጋ። መደበኛውን ንድፍ ለተከተለና በቦታው ላይ ክርክር ለሌለበት አመልካች፣ በቀነ ገደቡ መልስ ካልተሰጠ ፈቃዱ እንደተሰጠ ይቆጠር።

ይህ ለውጥ ሰፊ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የሕንፃ ሹሙ ከጠረጴዛው ተነስቶ፣ ጭቃው ሳይቦካ በፊት፣ ቦታውን ሄዶ እንዲያይ ነው።