ማሽኑ ተበላሽቷል ወይስ አስተካካይ አጣ?

በእንጨት ሥራ ወርክሾፕ ውስጥ የዋለ ተማሪ ሁሉ «ማሽኑ ተበላሽቷል» የምትለዋን ንግግር ሳይሰማ አንድ ሳምንት አያልፍም። በተለይ ተንሸራታች ጠረጴዛ ባለው መጋዝ፣ በተለምዶ ፓኔል ሶው በምንለው ማሽን ላይ ይህች ንግግር ትበዛለች። የተቆረጠው ቺፕውድ ስኳድራ አልወጣ ሲል ማሽኑ ተበላሽቷል፤ የሜላሚኑ ጠርዝ ሲሸራረፍ ማሽኑ ተበላሽቷል፤ እንጨቱ ሲጠቁር አሁንም ማሽኑ ተበላሽቷል። ከዚያ ወረቀት ይለጠፍበትና ቴክኒሻን እስኪመጣ ይቆማል። በእኔ አስተያየት ግን ከእነዚህ አብዛኞቹ ብልሽት አይደሉም። ማሽኑ ማስተካከያ ነው የሚፈልገው። ማስተካከሉም የቴክኒሻን ሥራ ብቻ ሳይሆን የእኛም ሙያ ስለሆነ በተግባር ትምህርታችን ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል እላለሁ።

እንደሚታወቀው ይህ ማሽን አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመናዊው ቪልሄልም አልተንዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1906 የጀመረው አሠራር ነው። ዋናው ነገሩም ቀላል ነው፤ እንጨቱ በማይንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ እየተገፋ ከመሄድ ይልቅ ከጠረጴዛው ጋር አብሮ ይንሸራተታል። ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁርጡ ስኳድራ አልሆን ሲል ትንሿን ስኳድራ አንስተን በዲስኩና በፌንሱ መካከል እንለካለን። «ይኸው 90 ነው» እንላለን፤ ቁርጡ ግን ያው ጠማማ ነው። ለምን? የቁርጡን መስመር የሚወስነው የጠረጴዛው አካሄድ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ፌንሱ 90 ዲግሪ መሆን ያለበት ከጠረጴዛው አካሄድ ጋር ነው። በዚያ ላይ 20 ሴንቲሜትር የማትሞላ ስኳድራ የግማሽ ሚሊሜትር ስህተትን የት ታየዋለች?

ታዲያ በምን ይለካ? ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ቁራጭ ኤምዲኤፍና ካሊፐር ይበቃል። ዘዴው አምስት ጊዜ መቁረጥ ነው። የቁራጩን አንዱን ጎን እንቆርጣለን፤ የተቆረጠውን ጎን ፌንሱ ላይ አስደግፈን ቀጣዩን እንቆርጣለን፤ እንዲህ እያዞርን አራቱን ጎኖች እንጨርሳለን። በአምስተኛው የመጀመሪያውን ጎን እንደገና እንቆርጥና የሚወጣውን ቀጭን ዘንግ እናስቀራለን። የዘንጉን ስፋት በሁለቱም ጫፍ ለክተን ልዩነቱን ለአራት ማካፈል ነው፤ ስህተቱ አራት ጊዜ ተደምሮ ስለሚወጣ። ለምሳሌ 80 ሴንቲሜትር የሚረዝም ዘንግ በአንድ ጫፉ 24 ሚሊሜትር፣ በሌላው 25.6 ሚሊሜትር ቢሆን ልዩነቱ 1.6 ነው። ለአራት ሲካፈል 0.4፣ በአንድ ሜትር ሲሰላ ደግሞ 0.5 ሚሊሜትር ይሆናል። «ይቺ ምን አላት» የሚል ይኖራል። በ2.40 ሜትር ላይ ግን 1.2 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ሁለት ጠማማ ጎኖች ሲገጥሙ ደግሞ ክፍተቱ ሊደመር ይችላል። ከዚያ በኋላ የካቢኔቱ በር አልገጥም ሲል ማጠፊያውን መውቀስ ነው።

ሌሎቹም ምልክቶች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የቁርጡ ጠርዝ ከጠቆረ መጀመሪያ ዲስኩ መደነዙን ማየት ነው፤ ዲስኩ ስለታም ከሆነና አሁንም የሚጠቁር ከሆነ የዲስኩ የኋላ ጥርሶች እንጨቱን ደግመው እየነኩት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ አንድ ጥርስ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ያንኑ ጥርስ በእጅ እያዞሩ ከፊትና ከኋላ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ያለውን ርቀት መለካት ያስፈልጋል። ሁለት የተለያዩ ጥርሶችን ከለካን ግን የዲስኩን መወላገድ ነው የምንለካው። ከኋላ በኩል ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ሰፋ ቢል ጥሩ ነው። ሜላሚኑ ከሥር በኩል ከተሸራረፈ ደግሞ ከፊት ያለችውን ትንሿን ዲስክ፣ ስኮሪንግ የምንላትን እንጠይቅ። እሷ ከትልቁ ዲስክ በተቃራኒ እየዞረች ከሥር አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ብቻ ትጭራለች። ከትልቁ ዲስክ ጋር በአንድ መስመር ካልሆነች ጠርዙ ላይ ደረጃ ይሠራል ወይም መሸራረፉ አይቀርም። ቁርጡ ወደ ጎን ያዘመመ ከሆነም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ሰጋቱራ ነው፤ የዲስኩ ማዘንበያ ማቆሚያ ላይ ተጠቅጥቆ ወደ ዜሮ እንዳይመለስ ያደርገዋል። ይሄን ሁሉ ከመነካካት በፊት በብሩሽ መጥረግ ይቀድማል ማለት ነው።

ነገሩ የእንጨት ብክነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። ለቁመት መቅደጃ የምንጠቀምበት ፌንስ ከኋላ በኩል ወደ ዲስኩ ከጠበበ እንጨቱን ያጣብቀዋል፤ የኋላዎቹ ጥርሶች አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ከዲስኩ በስተኋላ ያለው ቢላዋም የተሠራው እንጨቱ ዲስኩን እንዳይቆነጥጥ ነው፤ ከጥርሶቹ ከ3 እስከ 8 ሚሊሜትር ርቆ መቆም አለበት። «ያስቸግረኛል» ብሎ ፈትቶ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው በጣቱ መጫወቱ ነው። ማስተካከያ የማያውቅ ተማሪ ደግሞ ይህን አደጋ ከሩቅ ሊያየው አይችልም። ማሽኑ ሲጮህ፣ እንጨቱ ሲከብደው፣ ዝም ብሎ በጉልበት ይገፋል።

አንዳንድ መምህራን «ተማሪ ቡሎን መፍታት ከጀመረ ማሽኑ ይበልጥ ይበላሻል» ይላሉ። ስጋታቸው እውነት አለው። መፍቻው በየእጁ ከሆነ ዛሬ አንዱ ያስተካከለውን ነገ ሌላው ያጠፋዋል። ነገር ግን መፍትሔው መፍቻውን ቆልፎ ማስቀመጥ አይመስለኝም። ከመፍታት በፊት በእርሳስ መስመር ማስመር፣ አንድ ነገር ብቻ አስተካክሎ እንደገና መለካት፣ የተደረገውን መጻፍ፣ ይህን ሁሉ መምህሩ ቆሞ እያየ ማድረግ ይቻላል። በእርግጥ ኩሽኔታው ካለቀ ወይም ዘንጉ ከታጠፈ ማስተካከያ አይረዳም፤ ቴክኒሻን መጠራት አለበት። ግን ቴክኒሻኑ ሲመጣም «ተበላሽቷል» ከማለት «ፌንሱ በሜትር 0.5 ሚሊሜትር ስቷል፣ ዲስኩ በእጅ ሲዞር ይወላገዳል» ማለት ይሻላል። ይህን ለማለት መለካትን ማወቅ ግድ ነው።

ስለዚህ ለክፍላችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዋናው ማብሪያ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ጽዳትና ፍተሻ ይደረግ፤ ከዚያም መብራቱ ተመልሶ የአምስቱ ቁርጥ ሙከራ ይሠራ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ አጠገብ አንድ ደብተር ይሰቀል፤ የተለካው፣ የተስተካከለውና ያስተካከለው ተማሪ ስም በየቀኑ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ በተግባር ፈተና ላይ ማሽን ማስተካከል ራሱን የቻለ ነጥብ ይኑረው። እስካሁን የምንመዘነው በተሠራው ዕቃ ነው። ከመስመሩ በወጣ ማሽን የተሠራ ካቢኔት ስኳድራ አልሆነም ተብሎ ተማሪ ነጥብ ሲቀነስበት አይቻለሁ። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ የሚያስተምረውም ነገር የለም።

ነገ ተመርቀን ስንወጣ የሚጠብቀን አብዛኛው የግል ወርክሾፕ የራሱ ቴክኒሻን የለውም። ባለቤቱ «ይሄ ማሽን ለምን ጠማማ ይቆርጣል?» ብሎ የሚጠይቀው እኛኑ ነው። ያኔ እርስ በርስ ከመተያየት አሁን መማር ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው። መምህሮቻችንም ሆናችሁ የትምህርት ጓደኞቼ የተለየ ሐሳብ ካላችሁ በሚቀጥለው እትም ብትጽፉ ደስ ይለኛል።