ደመወዝዎ ለሰው ዕዳ ሲቆረጥ

በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ይዞ የሚዞር ሰው አይጠፋም። በሻይ ሰዓት ጠጋ ይልና «አንድ ፊርማ ብቻ ናት፣ ለማሟያ ያህል ነው» ይላል። ከሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ሊበደር ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ተብሏል። ዓመታት አብሮ የሠራን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳል። ነገ እኔም እፈልገዋለሁ የሚል ሒሳብም አለ። ስለዚህ ይፈረማል፣ ይረሳል። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ባልደረባው ሥራ ይለቃል፣ ስልኩ አይነሳም፣ ውጭ ሄደ ይባላል። ዋሱ ነገሩን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ የወሩ ደመወዝ ጎድሎ ሲገባ ነው።

በዚያ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሊወስዱብኝ ይችላሉ?» የሚለው ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆኑ መልሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ላይ አለ። አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲኖር፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢኖርም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊበልጥ አይችልም። ለመንግሥት ሠራተኞችም በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1064 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለሚቆረጥ ዕዳ ይህንኑ የሲሶ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር።

ሲሶ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። የ18,000 ብር ደመወዝተኛን እንውሰድ። በሙሉ ደመወዙ ላይ ከተሰላ ሲሶው 6,000 ብር ነው። ግን 18,000ው መቼም በሙሉ ቤት አይገባም፤ አስቀድሞ የሥራ ግብር ይነሳለታል፣ ለጡረታ 7 በመቶ ይቀነሳል። ከዚያ ላይ 6,000 ሲሄድ እጅ ላይ ይገባ ከነበረው ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ዕቁብ በዚያው ወር ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሲሶው ጣሪያ እንጂ የግድ መቆረጥ ያለበት መጠን አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። ከአበዳሪው ጋር ተነጋግሮ በዝቅተኛ ክፍያ ረዘም ላለ ጊዜ መስማማት ይቻላል። ማኅበራት ይህን የሚቀበሉት ዋሱ ቀድሞ ራሱ ሲሄድ ነው፤ ከሦስት ወር ጭቅጭቅ በኋላ ለመጣ ሰው ፊታቸው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ቅጹ ራሱ ምን ይላል የሚለው ነው። ኮፒ የሌለው ሰው ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ ኮፒውን ይጠይቁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ያልተገለጸበት ዋስትና አይጸናም። የገንዘቡ ቦታ ባዶ ሆኖ «ኋላ እንሞላዋለን» ተብሎ የሚፈረም ቅጽ ስንት እንዳለ ሳስብ ይገርመኛል። ባዶ ቦታ ላይ አይፈረምም፤ ከተፈረመ ግን ማን፣ መቼ፣ ስንት ብሎ እንደሞላው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚያ «በአንድነትና በተናጠል» የሚለውን ሐረግ ይፈልጉ። ሐረጉ ካለ አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳይነካ በቀጥታ ወደ እርስዎ መምጣት ይችላል። ከሌለና ተራ ዋስ ከሆኑ ግን «መጀመሪያ የእሱን ንብረት ፈልጉ» የማለት መብት አለዎት፤ መብቱ ግን ገና ሲጠየቁ፣ በመጀመሪያው መልስዎ ላይ ካልተነሳ ያመልጣል። ሐረጉ ቢኖርም እንኳ ተበዳሪው በማኅበሩ ውስጥ ያስቀመጠው ቁጠባ ለዕዳው ታስቦ እንደሆነ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ያልወሰደው የስንብት ወይም የፕሮቪደንት ፈንድ ክፍያ ቀርቶ እንደሆነ ይጠይቁ። እርስዎ ካልጠየቁ ማንም ላያነሳው ይችላል።

ባለትዳር ለሆናችሁ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። አምስት መቶ ብር! ዛሬ ከዚያ በታች የሆነ ብድር ማን ይጠይቃል? ስለዚህ በተግባር ማንኛውም የዋስትና ፊርማ የቤት ምክር የሚያስፈልገው ነው። ሳይስማማ የቀረው ባል ወይም ሳትስማማ የቀረችው ሚስት ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላሉ፤ ጊዜው ግን ነገሩን ካወቁበት ቀን 6 ወር ነው፤ ዋስትናው ከተፈረመ 2 ዓመት ካለፈ ደግሞ ጭራሽ አይቻልም። «እሷ እንዳትሰማ» ተብሎ የተደበቀ ዋስትና ቤተሰቡን የሚጎዳው በዚህም በኩል ነው፤ እሷ ስትሰማ ቀነ ገደቡ አልፎ ይገኛል። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው በክልል የምትኖሩ የአካባቢያችሁን ሕግ ተመልከቱ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ መጥሪያን መሸሽ የሚያተርፈው የለም። ያልቀረበ ሰው በሌለበት ይፈረድበታል፣ ከዚያ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፣ ትእዛዙም በቀጥታ ለአሠሪው ይጻፋል። በሌሉበት የተፈረደ ከሆነ ፍርዱን ካወቁ በ1 ወር ውስጥ ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት አስረድተው እንዲነሳ ማመልከት ይቻላል። አፈጻጸም ላይ ከደረሱ ደግሞ የደመወዝ ማስረጃዎንና የቤት ወጪዎን ይዘው ይቅረቡ፤ በወር ስንት መክፈል እንደሚችሉ የሚናገሩበት ቦታ ያ ነው።

አንድ ቀዳዳ አለ፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። የሲሶው ገደብ የተጻፈው አሠሪው ለሚቆርጠው ነው። ደመወዙ ተከፍሎ ባንክ ከገባ በኋላ ሌላ ነገር ነው። ከዚያው ባንክ ተበድረው ወይም ዋስ ሆነው፣ ውሉም ባንኩ ከማንኛውም ሒሳብዎ ላይ እንዲያነሳ የሚፈቅድ ከሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን እዚያ ይዞ መሄድ ብዙ አያስኬድም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ውሉ ውስጥ መኖሩን ከመፈረም በፊት ያንብቡ።

የራሱ የአሠሪው ቅነሳም አለ። ላፕቶፑ ተሰበረ፣ ሒሳብ ጎደለ ብሎ በቃል ብቻ ደመወዝ የሚቀንስ ድርጅት ከላይ ከተዘረዘሩት ምክንያቶች አንዱን ማሳየት አለበት። ያለአግባብ የተቆረጠን ደመወዝ መጠየቅ የሚቻለው በ6 ወር ውስጥ ስለሆነ «ይሁን፣ ሲመቸኝ አነሳዋለሁ» ማለት ገንዘቡን መተው ነው።

እየተቆረጠባችሁ ላላችሁ ደግሞ፦ በየወሩ የሚቆረጠውን የሚያሳየውን የደመወዝ ማስረጃ አንድም ሳትጥሉ አስቀምጡ። ዋስ የከፈለውን ከዋናው ተበዳሪ የማስመለስ መብት አለው፤ ሌሎች ዋሶች ካሉም ድርሻቸውን እንዲካፈሉ መጠየቅ ይችላል። ውጭ ሄደ የተባለው ሰው እዚህ መኪና ወይም ቤት ትቶ ከሆነ ክሱ ባዶ እጅ አይመለስም። ዕዳው ሲያልቅም ከአበዳሪው የማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀብላችሁ አንዱን ኮፒ ለሰው ኃይል፣ ሌላውን ለፋይናንስ ክፍል ስጡ። ትእዛዙ ፋይል ውስጥ ተረስቶ ዕዳው ካለቀ በኋላም ቅነሳው ሁለትና ሦስት ወር የሚቀጥልበት ጊዜ አለ።