የአዝማሪው ስም ወዴት ገባ?



«ዘፈን የጥበብ ነገር ነው፤ መንግሥትን ምን አግብቶት?» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኛ በመካነ ሰላም የምንማር ተማሪዎች ግን በዚህ አንስማማም። ማን እንደሚዘፍን፥ ማን እንደሚሰማውና ገንዘቡንም ማን እንደሚይዘው ሲወስን የኖረው አዋጅ ነው።

በ1940 ዓ.ም. ገደማ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። በ1961 ዓ.ም. ይህን ደፍሮ የጣሰው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ከኛ ብዙም አይርቅም ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያደንቃቸው የነዓለማየሁ እሸቴና የነማሕሙድ አሕመድ ሸክላዎች በዚያ ድፍረት ተገኙ። ደርግ ሥልጣን ይዞ ሰዓት እላፊ ሲያውጅ የምሽት ክበቦች ተዳከሙ፤ አምሃም አገር ለቆ ሄደ።

ሆኖም ሚዛናችን አይዛባ። በዚያው በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት ከደሴ ተነሥቶ በወሎ ስፍራዎች ስም የሚጠሩትን አምባሰልንና ባቲን ለመላው አገር አሰማ። የመድረኩ ዋጋ ግን አብዮቱን ማወደስ ነበር።

ዛሬስ? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፥ ያልተቀዳ ዘፈን ለመቅዳት የዘፋኙ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ደንግጓል። እንግዲያውስ መሰንቆውን ይዞ በሠርግ ቤት የሚያዜመው የቦረና አዝማሪም ይህ መብት አለው ማለት ነው። ማን ነገረው? አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ እንጂ በገበያችን ነጋሪት አልተጎሰመበትም። ስለዚህ እንግዳው በስልኩ ይቀዳዋል፤ ዜማው በሌላ ሰው ድምፅ ተሠርቶ ይመለሳል፤ ባለቤቱ ሲጠየቅም «የሕዝብ ነው» ይባላል። ሕዝብ ማለት እንግዲህ ማንም ማለት ሆነ! ዜማው ከአባት የተወረሰ መሆኑን አንክድም። ግጥሙን እዚያው ተቀምጦ፥ የሙሽራውን ዘመዶች እያየ የፈጠረው ግን ያ ሰው ነው።

ሕግ አስከባሪ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። በክረምት ወደየወረዳችን ስንመለስ ለጥናት ብለን አዝማሪ የምንቀዳ ሁሉ አስቀድመን ፈቃዱን እንጠይቅ፤ ስሙን፥ ቀበሌውንና ቀኑን እንጻፍ፤ ከቅጂውም አንዱን ለእርሱ እንተው። መምህሮቻችንም ስም የሌለው ቅጂ ለመመረቂያ ጽሑፍ አንቀበልም ቢሉን አንቀየምም። አዝማሪን ለበዓል የሚጠራ መሥሪያ ቤትም በምሳና በጠላ ብቻ አያሰናብተው፤ ውሉን በጽሑፍ ያድርግለት።