የኦሞን ሰው ዕድሜ የነገረን የሻላ አመድ

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ስልካችን በአመድ ደመና ቪዲዮ ተጥለቀለቀ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሕንድ ድረስ ዘልቆ በረራ አሰረዘ። ብዙዎቻችን «አፋር እኮ ሩቅ ነው» ብለን ወደ ቀጣዩ ቪዲዮ አለፍን። የሀዋሳ ልጅ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ ያለበት አይመስለኝም።

ሻሸመኔን አልፋችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ በስተግራ ያለው የሻላ ሐይቅ የተኛው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በፈጠረው ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የዚህ ተራራ አመድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሞቃታማው ታችኛው ኦሞ፣ ኪቢሽ አካባቢ አርፏል። እዚያው ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 «ኦሞ አንድ» የተባለው የሰው ቅሪተ አካል ተገኘ። የእኛው ዝርያ፣ ሆሞ ሳፒየንስ ማለት ነው።

ዕድሜው ለዓመታት ሲያከራክር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት 195 ሺህ ዓመት ገደማ አለው። ከአጥንቱ በላይ ያለው ወፍራም የአመድ ንጣፍ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጥ ነበር፤ ግን ዱቄቱ በጣም ከመላሙ የተነሳ ዕድሜውን መለካት አልተቻለም። እዚህ ላይ ነው ሻላ የሚገባው። እያንዳንዱ ፍንዳታ እንደ ጣት አሻራ የራሱ ኬሚካላዊ መለያ አለው። ሴሊን ቪዳል የመራችው፣ ኢትዮጵያዊው የጂኦሎጂ ምሁር አስፋወሰን አስራትም ያለበት ቡድን የኪቢሹን አመድ ከሻላ ዙሪያ ድንጋይ ጋር አመሳከረ፤ ገጠመ! የሻላው ድንጋይ ደግሞ ለልክ የሚበቃ ማዕድን ነበረው። ውጤቱ በጥር 2014 ዓ.ም. ሲታተም ፍንዳታው 233 ሺህ ዓመት ገደማ ሆነ፤ 22 ሺህ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። አጥንቱ ከአመዱ በታች ስለሆነ ከዚያም ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የነገረን ፑሚስ ነው። ያ ብሎኬት የምንሠራበት፣ ተረከዝ የምንፈገፍግበት ቀላል ድንጋይ! «ምድረ ቀደምት» እያልን እንፎክራለን፤ ድንጋዩን ግን የምናውቀው በመኪና ጭነት ዋጋ ነው። ናሙናው ዕድሜው የተለካው ደግሞ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ሄዶ ነው።

ነገሩ የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ። የሀዋሳ ሐይቅ ራሱ ያለው በአሮጌ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከከተማው በስተሰሜን ያለው ኮርቤቲ ደግሞ ዛሬም አልተኛም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ መሬቱ ቀስ እያለ ከፍ ማለቱን ሳተላይት መዝግቧል። ይሄ ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ ቲክቶክ ላይ እንዲያ የሚል ካያችሁ እለፉት። ግን በየስንት ዘመኑ ይፈነዳል፣ አመዱስ የት ይደርሳል የሚለውን የሚመልሰው ያው የድንጋዩ ንጣፍ ነው። ንጣፉን ደግሞ በየቀኑ እየቆፈርን እንጭነዋለን። ስለዚህ የፑሚስ ቁፋሮ ፈቃድ ሲሰጥ አንድ ነገር ቢታከልበት፦ ገደሉ ከመናዱ በፊት የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ገብተው ንጣፉን ይለኩ፣ ፎቶ ያንሱ፣ ናሙና ይውሰዱ። ለዚህ ግላስጎው መሄድ አያስፈልግም፤ መዶሻ፣ ሜትርና ስልክ ይበቃል።