አዛውንት ሲወድቁ ዓይናቸውም ይታይ

በሰፈራችን በአስኮ አንድ አዛውንት ሲወድቁ መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። እግር ይታሻል፣ ደም ግፊት ይለካል፣ «እርጅና ነው» ይባላል። ዓይንን የሚያነሳ የለም። ደግሞም እኒያው አዛውንት ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ሰው ለይተው በስሙ ይጠሩታል፤ ወዲያው እግራቸው ሥር ያለውን በርጩማ መትተው ይደፋሉ። «ዓይናቸውማ ደህና ነው» እንላለን።

ግላኮማ የሚባለው የዓይን ነርቭ በሽታ የሚያዘናጋን እንዲህ ነው። የመሐሉን እይታ ለመጨረሻ ትቶ ከዳር ከዳር ይበላል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። የጎደለውን አንጎል በግምት ስለሚሞላው ታማሚው የጠፋበት ነገር መኖሩን እንኳ አያውቅም። የታችኛው እይታ ከተጎዳ ኮብልስቶኑም፣ ክዳኑ የተነሳው ቱቦም አይታይም።

ጉዳቱ ዓይን ላይ አያበቃም። ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ 1 ሚሊዮን ያህል ክሮች አሉት፤ የሞተ ክር አይተካም። መልእክቱ ሲቋረጥ ተቀባዮቹ የአንጎል ሕዋሳትም ይመነምናሉ። ቀጥ ብለን የምንቆመው የውስጥ ጆሮ፣ የእግራችን ስሜትና ዓይናችን ተጋግዘው ነው። አንዱ ሲያጓድል ሰውነት ይንገዳገዳል፣ እርምጃ ያጥራል፤ መብራት በጠፋ ምሽት ደግሞ ይብሳል። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ ግላኮማ ያለባቸው ሰዎች የመውደቅ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቶታል።

እኔን የሚያስቆጨኝ ግን ከዓይን ሞራ ጋር መምታታቱ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በኢትዮጵያ ካለው ዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን ያመጣው ሞራ፣ 5.2 በመቶውን ደግሞ ግላኮማ መሆኑን አሳይቷል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፣ ብርሃንም ይመለሳል። ግላኮማ የወሰደውን አይመልስም። «ሞራው እስኪበስል» እያለ ቤቱ የሚጠብቅ የግላኮማ ታማሚ የቀረውን ብርሃን እያጣ ነው። ጠብታውም ሆነ ቀዶ ሕክምናው የተረፈውን ለማቆየት ነው፤ ስለዚህ ብልቃጡ አለቀ ተብሎ ጠብታ አይቋረጥም።

ወላጆችዎ መደናቀፍ ካበዙ፣ ደረጃ ሲወርዱ በእግራቸው መዳበስ ከጀመሩ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍልም ይሁን ሌላ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው። የዓይን ግፊቱ ደህና ሆኖም ግላኮማ ሊኖር ስለሚችል ነርቩም እንዲታይላቸው ይጠይቁ። በሽታው በዘር ይሄዳልና ወንድም፣ እህት፣ ልጅ ሁላችሁም አብራችሁ ታዩ።