ዋንጫው የማን ነው?

ቅርጫት ኳስ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ኤንቢኤ፣ ቁመተ ሎጋ ወንዶችና ዋጋው የማይቀመስ ጫማ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ሴት ልጅ አደባባይ ላይ መሮጧ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ስለተጫወቱ 10 ልጃገረዶች ነው።

ጨዋታው ራሱ ያኔ ገና ጨቅላ ነበር። ጄምስ ኔይስሚት የተባለ መምህር በማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው፤ የኮክ መያዣ ቅርጫቶች ከፍ አድርጎ ሰቀለ፣ 13 ደንቦችም ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ የሴቶች ኮሌጆች ወደዱት። የስሚዝ ኮሌጇ መምህርት ሴንዳ ቤረንሰን ግን ልጃገረዶቹ ከመጠን በላይ እንዳይደክሙ ሜዳውን ሦስት ቦታ ከፍላ፣ ማንም ከክፍሏ እንዳትወጣ ደነገገች።

የኛዎቹ ልጃገረዶች ይህ ገደብ አልያዛቸውም። እንደ ወንዶቹ ሜዳውን ሙሉ ይሮጡ ነበር። ቡድናቸው የፎርት ሾው ይባላል። ፎርት ሾው በሞንታና ግዛት፣ በቀድሞ የጦር ሰፈር ውስጥ በ1892 የተከፈተ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ዓላማ ግልጽ ነበር፦ ልጁን ከወላጆቹ ማራቅ፣ ፀጉሩን መቁረጥ፣ የእናቱን ቋንቋ ማስረሳት፣ ከዚያ እንደ ነጭ አድርጎ ማውጣት። የቡድኑ ልጆች ከፒጋን፣ ከሾሾኒ፣ ከአሲኒቦይንና ከሌሎችም ሕዝቦች የመጡ ስለነበሩ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንኳ እርስ በርስ አይግባቡም። ሜዳ ላይ ግን ይግባቡ ነበር። የሞንታና ኮሌጆችን የሴት ቡድኖች ሳይቀር አሸነፉ።

በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ልጆቹ በባቡር ተነሱ። በየመንገዱ እየወረዱ ይጫወታሉ፣ ማንዶሊን ይመታሉ፣ ግጥም በቃል ይወጣሉ፤ ከመግቢያ ክፍያ የሚገኘው ገንዘብ የጉዞ ወጪያቸውን ይደጉማል። ኤግዚቢሽኑ ላይም በሳምንት ሁለት ጊዜ ለተመልካች ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻ የሴንት ሉዊስ ምርጥ ቡድን ገጠማቸው። የመጀመሪያውን ጨዋታ 24 ለ 2፣ ሁለተኛውን 17 ለ 6 አሸነፉና የዓለም ሻምፒዮን ተብለው ዋንጫ ተሸለሙ።

እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ሆኖብኝ አንድ ጥያቄ አነሳለሁ፦ እዚያ የሚሸጠው ምን ነበር? ማርኬቲንግ ውስጥ «በፊትና በኋላ» የምንለው የታወቀ የማስታወቂያ ስልት አለ። የውፍረት መቀነሻም የፊት ቅባትም የሚሸጠው በዚህ ነው። በኤግዚቢሽኑ የተሠራው ሞዴል ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነበር። በአንድ በኩል ሽማግሌዎች እንደ ጥንቱ ለብሰው ዕደ ጥበባቸውን ይሠራሉ፤ በሌላ በኩል ተማሪዎች በዩኒፎርም ሙያ ይማራሉ። መልእክቱ «እነዚህን ወስደን እነዚህን አደረግናቸው» የሚል ነው። የቡድኑ ልጆች ደግሞ ሁለቱንም ሆነው እንዲታዩ ይፈለጉ ነበር፤ ለትርኢቱ የአባቶቻቸውን የቆዳ ልብስ፣ ለጨዋታው የስፖርት ልብስ ይለብሳሉ።

ማስታወቂያው ግን አንድ ነገር ይደብቃል። ሩጫንና ኳስን ለእነዚህ ልጆች ያመጣላቸው ትምህርት ቤቱ አይደለም። በብዙ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሴቶች ሺኒ የሚባል፣ እንደ እኛ የገና ጨዋታ በዱላ ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ ይጫወቱ ነበር። የልጆቹ እናቶችና አያቶች ሜዳ አዲስ አልነበረባቸውም። ትምህርት ቤቱ አዲስ ደንብና ቅርጫት ሰጠ፤ ጉልበቱ፣ ፍጥነቱና መደማመጡ ግን የራሳቸው ነው። የበሬውን ምስጋና ፈረሱ ወሰደው ማለት ይኼ ነው።

የኋላው ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ትምህርት ቤቱ በ1910 ተዘጋ። ዋንጫ ያስገኙለት ልጆች ወገኖች ሁሉ በሕግ የአሜሪካ ዜጋ የተባሉት በ1924 ነው። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ኦሎምፒክ የገባው በ1976 ነው። ለቡድኑ በፎርት ሾው ሐውልት የቆመለት ደግሞ በ2004፣ ከድሉ መቶ ዓመት በኋላ ነው። እዚያ ላይ የሰፈረው የልጆቹ ስም ነው፦ ቤል ጆንሰን፣ ሚኒ በርተን፣ ኤማ ሳንሳቨር፣ ኔቲ ዊርዝና ጓደኞቻቸው።

እናንተ ወላጆች የሆናችሁ፣ ልጃችሁ ሜዳሊያ ይዛ ስትመጣ ፎቶዋ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይሰቀል ይሆናል። ክለቡም፣ አሠልጣኙም፣ እናንተም በየገጻችሁ ትለጥፉታላችሁ። ደስታ ነውና አይከለከልም። ነገር ግን ከመለጠፋችሁ በፊት አጠገቧ ተቀመጡና «እንዴት አድርገሽ አሸነፍሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ማን ኳስ እንዳቀበላት፣ የት ላይ እንደከበዳት፣ ከማን እንደተማረችው ትነግራችኋለች። ከፎቶው ሥር የምትጽፉትንም ከእሷ አፍ ውሰዱ። ምናልባት የአያቷን ስም ትጠራ ይሆናል።